ቀኑ የማይነገር ቀጠሮ

በየወሩ የመጀመሪያው ረቡዕ ወህኒ ቤት እገባለሁ። የቆዳ ሐኪም ነኝ፤ ስሜ ኢኒድ ሆልሮይድ ይባላል። በር ላይ ስልኬንና ቁልፌን፣ አንዳንዴም ትዕግሥቴን አስረክቤ ማጉያ መነጽሬን ብቻ ይዤ አልፋለሁ። እስከ ምሳ ሰዓት እከክ አያለሁ፣ ችፌ አያለሁ፣ እስረኞቹ እርስ በርሳቸው ተነቃቅሰው ያመረቀዘ ክንድ አያለሁ። ቅባት አዝዛለሁ፤ ግማሹ እሳት ይይዛል ተብሎ ይከለከላል፤ ሌላ አዝዛለሁ። ሥራው ይኸው ነው፤ ማንም እንዲያዝንልኝ አልፈልግም።

ክላይቭ ኤንትዊስል የመጣው በመጋቢት ነው። ስድሳ አንድ ዓመቱ ነው፤ ከመታሰሩ በፊት ሠላሳ ዓመት ጣሪያ ሲሠራ ኖሯል፣ በበጋ ያለ ሸሚዝ። ምን ሠርቶ እንደታሰረ አላውቅም፤ አልጠይቅምም። ከግራ ትከሻው በታች ያለውን ጥቁር ምልክት ያየለት አብሮት የሚተኛው እስረኛ ነው።

«‹ጀርባህ ላይ በረሮ አለ› ብሎ በጫማ ሊለኝ ነበር» አለኝ።

በማጉያዬ አየሁት። ጠርዙ የተበላ፣ ቀለሙ የተዘበራረቀ ነበር። ካንሰር መሆኑን ለመጠርጠር ሁለተኛ ማየት አላስፈለገኝም። ተዛምቶ እንደሆነ ለማየት ብብቱን ዳበስኩ፤ እብጠት የለም።

«ይኼ ነገር ቶሎ መቆረጥ አለበት» አልኩት። «ሆስፒታል ይመጣሉ፣ ራሴ አወጣልዎታለሁ። ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።»

«ሆስፒታል አልሄድም።»

በሩ ላይ የቆመው ጠባቂ ጋርሳይድ ሳቀ። «አምና ለጥርሱ ወስደነው ከመኪናው አልወርድም ብሎ መለሰን። ልዑል ነው እኮ!»

«አንተም በፒጃማ ቢጎትቱህ አትወርድም ነበር፣ አለቃ» አለው ክላይቭ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ከእንቅልፌ ቀሰቀሱኝ። ፊቴን እንኳ አልታጠብኩም። ከሁለት ሰው ጋር በካቴና ተቆራኝቼ የመኪናው በር ሲከፈት የድሮ ጎረቤቴ ከልጅ ልጇ ጋር ፊት ለፊቴ ቆማለች። ቀኑን ይንገሩኝና ልዘጋጅ፣ እሄዳለሁ። ካልሆነ ግን ይቅርብኝ፣ ከነምልክቴ ልሙት።»

ደንቡን ሁላችንም እናውቃለን። እስረኛ የሆስፒታል ቀጠሮው ቀን አይነገረውም፤ ውጭ ላለ ሰው አስታውቆ መንገድ ላይ እንዳያስመልጡት ነው። ካወቀ ቀጠሮው ይሰረዛል። ደንቡ ሞኝነት አይደለም፤ እንዲህ ያለ ነገር ደርሶ ያውቃል። ክላይቭ ግን እንኳን ሊያመልጥ ደረጃ ሲወጣ እንኳ ሁለቴ ያርፋል።

ጋርሳይድ ቀጣዩን ሕመምተኛ ሊጠራ ወጣ ሲል ጎንበስ ብዬ «የሚመጣው ማክሰኞ ጠዋት» አልኩት። «ለማንም እንዳይናገሩ።»

«ለማን እናገራለሁ?» አለ። «እሺ፣ እመጣለሁ።»

እውነቱን ለመናገር በራሴ ደስ ብሎኝ ነበር የወጣሁት።

ክላይቭ ለማንም አልተናገረም። ማክሰኞ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ጋርሳይድ ሊቀሰቅሰው በሩን ሲከፍት፣ ሰውየው ጢሙን ተላጭቶ፣ ፀጉሩን በውኃ አስተኝቶ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ አገኘው። ጫማውንም አስሯል። ሁለት ዓመት ሙሉ ሳይጮሁበት ተነሥቶ የማያውቅ ሰው!

«ዶክተር፣ ሰውየው ዛሬ አይመጣም» አለኝ ጋርሳይድ በስልክ። «ሙሽራ መስሎ ተቀምጦ ጠበቀኝ። ቀኑን ያወቀው ስልክ ደብቆ መሆን አለበት፤ ክፍሉን እየፈተሽን ነው። ከወጥ ቤት ሥራውም ታግዷል።»

«እሱ ምን ይላል?»

«ማንም አልነገረኝም ይላል። ድርቅ ብሏል።»

ስልኩን ዘግቼ ተቀመጥኩ። አፍሬ ነበር። ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም፤ ክላይቭ እንደማያጋልጠኝ ገብቶኛል። አምስት ደቂቃ ያህልም ዝም አልኩ፤ ይህንንም አልደብቅም። ከዚያ መልሼ ደወልኩና «የነገርኩት እኔ ነኝ» አልኩ።

«አይ ዶክተር!» አለ ጋርሳይድ። «ምን ነካዎት?»

ክላይቭ ወደ ወጥ ቤቱ ተመለሰ። የእኔ የመግቢያ ፈቃድ ታገደ፤ የረቡዑ ክሊኒክም አብሮ ቆመ፤ እነዚያ ሁሉ የሚያክኩ ሰዎች ያለ ሐኪም ቀሩ። ቀጠሮው ግን በቶሎ የሚተካ አልሆነም። አንድ እስረኛ ማውጣት ሁለት ጠባቂና አንድ መኪና ይጠይቃል፤ ወህኒ ቤቱ በቀን ከሁለት ሰው በላይ አያወጣም፤ ወረፋው ሞልቷል። በየቀኑ ደወልኩ። ለመንኩ፣ ከዚያ ተቆጣሁ፣ አንዲት ጸሐፊ ላይ ጮህኩ። እሷም ጮኸችብኝ፤ ልክ ነበረች። አምስት ሳምንት ፈጀ።

ሲያመጡት ጢሙ አድጎ፣ ፀጉሩ ቆሞ፣ በተጨማደደ ቲሸርት ነበር። ከጋርሳይድ ጋር በሰንሰለት ታስሯል። ኮሪደሩ ላይ ወረፋ የሚጠብቁት ሰዎች እግራቸውን ሰበሰቡ።

«ይኸው ከመኪናው ወረድኩልዎ» አለኝ። «ደግሞ እርስዎን ከወህኒ ቤት አባረሩዎት አሉኝ። ከእስር ቤት የተባረረ ሰው ሳይ የመጀመሪያዬ ነው!»

ጋርሳይድ ሳይወድ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። በሆዱ ከማስተኛቴ በፊት እንደ ወትሮው ብብቱን ዳበስኩ።

በግራ በኩል አተር የምታህል ንፍፊት አለች። ጠንካራ ናት። በመጋቢት አልነበረችም። አምስቱ ሳምንት አመጣት ማለት አይቻልም፤ አላመጣትም ማለትም አይቻልም። ተማሪ ቢጠይቀኝ የምመልሰው ይህንኑ ነው። ግን ፈራሁ። ምልክቱን ቆርጬ አወጣሁ፣ ሰፋሁ። ሃያ አምስት ደቂቃ ሙሉ ስለ ጣሪያ ሲያወራልኝ «እህ» እያልኩ ሰማሁት።

ቲሸርቱን እስኪለብስ ወደ ጎን ክፍል ሄጄ ደወልኩ። ለሐሙስ ከሰዓት ቦታ ተገኘ፤ የወህኒ ቤቱ ሰዎችም በዚህኛው እሺ አሉ። ተመለስኩና ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ።

«ብብትዎ ውስጥ እብጠት አግኝቻለሁ» አልኩት። «ተዛምቶ ሊሆን ይችላል። በመርፌ ናሙና ወስደን ማየት አለብን።»

ክላይቭ እጁን ወደ ብብቱ ሰደደና ራሱ ፈልጎ አገኛት።

«መቼ?» አለኝ።

ጋርሳይድ ቀና ብሎ አየኝ።

«አላውቅም» አልኩት።

ክላይቭ ፊቴን ትክ ብሎ አየ፤ መዋሸቴ የገባው ይመስለኛል። «ግድ የለም» አለ። «ከነገ ጀምሮ በየጠዋቱ እላጫለሁ።»