ጀላሉ በማን እጅ ነው

«እሱ ነው እርስዎን የሚጦር፣ ወይስ እርስዎ ነዎት እሱን?»

ሁሪያ በግብር ገማቾች ፊት ቆማለች። ጠያቂው የግብር ሹሙ ሥዩም ነው፤ ከሽማግሌዎች ጋር ሆኖ በመቀሌ ጨው ገበያ ዳር ዳስ ሥር የሰፈሩን ግብር ይገምታል። ጣልያን ከወጣ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ጀላሉ፣ አንድ ልጇ፣ ከአጠገቧ ቆሟል።

«አደይ ሁሪያ፣ እናቴ፣ ነገሩ ቀላል ነው» አለ ሥዩም። «የሚጦራት የሌላት መበለት አትገመትም። ልጅዎ የሚጦርዎ ከሆነ ግን ቤቱ የእሱ ነው፤ ግብሩም በእሱ ይወድቃል። እርስዎ የሚያበሉት ከሆነ ደግሞ በእርስዎ እጅ ያለ ተብሎ ሁለታችሁም ትታለፋላችሁ።»

ይህን ሁሉ ያስነሳው የሟች ባሏ ወንድም አብዱሰመድ ነው። ጨው ነጋዴ ነው፤ የሚያበላው ሰው በበዛ ቁጥር ግምቱ ይቀልለታል።

«ምን ያነጋግራል?» አለ ጋቢውን እየሰበሰበ። «የወንድሜ ልጅ አይደል? እኔ ነኝ የማበላው።»

«መቼ ነው ያበላኸው?» አለች ሁሪያ። «ለዒድ እንኳ ደጃችንን አልረገጥክ!»

«እኔ ካላበላሁት ማን አበላው? እስቲ ተናገሪያ!»

ያበላችው እሷ ናት። ጀላሉ ሃያ ዓመት ቢሞላውም፣ ለጣልያን መንገድ ድንጋይ ሲፈልጥ አቧራው ደረቱ ገብቶ ከተመለሰ ወዲህ ከባድ ነገር አንስቶ አያውቅም። ቤቱ የቆመው በእሷ ነው፤ ቃጫ ትፈትላለች፣ ገመድ ገምዳ ለጨው ጫኞች ትሸጣለች። ይህን ግን መንደሩ አያውቅም። እንዳያውቅ ያደረገችውም ራሷ ናት። ከገበያ ስትመለስ ገንዘቡን በጓዳ ታስጨብጠዋለች፤ እሱ ወጥቶ ሥጋውንና እህሉን ገዝቶ በጎረቤት ፊት ይገባል። «ጎሽ የእኔ ልጅ! አላህ ይስጥህ!» ትላለች ጮክ ብላ፣ ጎረቤቷ ዙሀራ እንድትሰማ።

ዙሀራም ሰምታ ኖሯል። አሁን ከዳሱ ጥግ ሆና ጣልቃ ገባች።

«እቴ ሁሪያ፣ ምን ትደብቂያለሽ? ልጅሽማ ቀጥ አድርጎ ይጦርሻል! የእኔዎቹ ሦስቱ ቢደመሩ የእሱን ግማሽ አይሆኑም፤ ማታ ማታ ገበታ ላይ ብቻ ነው ጉልበታቸው።»

ሰው ሳቀ። ከሽማግሌዎቹ መካከል ሀሰንም ሳቀ። ሁሪያ የምታየው እሱን ነበር። ሴት ልጁን ሐቢባን ለጀላሉ ጠይቃው እሺ ሊላት ጥቂት ቀርቶታል። እናቱ ለምታበላው ሰው ሴት ልጁን የሚድር ማን አለ?

ጀላሉን አየችው። አንገቱን በጥቂቱ ነቀነቀ፤ አትናገሪ ማለቱ ነው።

«እሱ ነው» አለች በመጨረሻ። «እሱ ነው የሚጦረኝ።»

«ጽቡቕ፣ ደህና» አለ ሥዩም። «እንግዲህ ግብሩ በእሱ ነው። ሥራህ ምንድን ነው፣ ልጄ?»

ጀላሉን ሳል ያዘው። ጎንበስ ብሎ ሳለ።

«ይኸው ሥራው!» አለ አብዱሰመድ። «በምን ሊከፍል ነው? ነገ ከሳችሁ ልታስሩት?» ወደ ሁሪያ ዞረ። «እውነት ከሆነ ወላሂ በይ።»

አፏን ከፈተች። ለጎረቤት ስታስመስል ኖራለች፤ የአላህን ስም ጠርታ መዋሸት ግን አልሆነላትም።

«ወላሂ በያ!»

«እማዬን ተዋት!» አለ ጀላሉ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አጎቴ ነው የሚያበላኝ። በእሱ እጅ ነኝ» አለ።

አብዱሰመድ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። «ታዲያ ከጧት ጀምሮ ምን አስለፋን? ነገ ደሴ እወርዳለሁ። ጭነት የሚያነሳና የሚያወርድ ሰው ጎድሎኝ ነበር።»

ቤት እንደገቡ ሁሪያ በሩን ዘጋች።

«ያ ደረትህ ነው ጨው የሚሸከመው?»

«ምን ልበል? እናቴ ታጎርሰኛለች ልበል? በሀሰን ፊት?»

«ተመልሼ እነግራቸዋለሁ። እኔ ነኝ የማበላው እላለሁ።»

«እንዲያ ካልሽ በዚህ ሰፈር ፊቴን አላሳይም፣ እማዬ።»

ሁሪያ ነጠላዋን አንስታ ወጣች። እየሮጠች ዳሱ ዘንድ ስትደርስ ሰው ተበትኖ፣ ሥዩም ለመሄድ ተነስቷል። ከጎኑ ሀሰን ነበር።

«እንኳን ደስ አለሽ፣ ሁሪያ!» አለ ሀሰን ገና ሲያያት። «ልጅሽ ንግድ ሊይዝ ነው! ከደሴ ይመለስና የልጆቹን ነገር እንጨርሳለን። ከአጎቱ ጋር መሆኑን ባውቅ ኖሮ ይህን ያህል ባላንገላታኋችሁ።»

ሁሪያ «እኔ ነኝ» ብትል ይበቃል። ሌላ ምንም አይጠይቋትም።

«አደይ ሁሪያ፣ የረሱት ነገር አለ?» አለ ሥዩም።

ሀሰን እየሳቀ ያያታል።

«የለም» አለች። «ላመሰግን ነው የመጣሁት።»

በማግስቱ አብዱሰመድ ጀላሉን ከጨው ጭነቱ ላይ አስቀምጦ በደሴ መንገድ ወረደ። ሁሪያ መቀሌ ቀረች።