ሽቦ እና የአማቱ ሁለት መቶ ዐሥራ አራት ደብዳቤዎች

ከዚህ በታች የሚነገረው ሁሉ ጥሬ እውነት ነው። አንዲት ነጠላ ሰረዝ ተጨምሮበት ከተገኘ የጻፈችው እጅ ዳግም ብዕር አትጨብጥ።

የማተሚያ ቤቱ የኮምፒውተር ባለሙያ ሽቦ ይባላል። ከቅጥነቱ የተነሣ ነው፤ ከበር ጀርባ ቆሞ እንኳ በሩ ግድግዳ እስኪነካ ይከፈታል። እጁ ግን ሌላ ነው። ስድስት ወር ሞቶ የከረመ ፕሪንተር፣ ሽቦ ኮሪደሩ ላይ ጉሮሮውን ሲጠራርግ ሰምቶ በራሱ ጊዜ ማተም ጀምሯል።

ሰኞ ጠዋት የኢሜይሉን ሰርቨር አፕዴት አደረገ። ስሙ አፕዴት ይሁን እንጂ የመሬት መንቀጥቀጥ ነበር። የመሥሪያ ቤቱ ኢሜይል በሙሉ ቀጥ አለ። ስልኩ ከመጮኹ ብዛት ጠረጴዛው ላይ ሦስት ክንድ ተጓዘ። ሽቦ እጅጌውን ሰብስቦ ገባና፣ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ የሁሉንም ሰው ደብዳቤ ወደየቤቱ መለሰ። የአንድ ሰው ሲቀር።

ያቺ አንድ ሰው ሚስቱ ናት። እዚያው ማተሚያ ቤት ላይኛው ፎቅ ላይ አራሚ ነች፤ የተሳሳተች ፊደል ገና ገጹ ሳይገለጥ አሽትታ ታገኛለች። ደረጃውን ወርዳ በሩ ላይ ቆመች።

«የአባዬ ደብዳቤዎች የሉም።»

የሽቦ ጣቶች ደረቁ። አማቱ በሰባ ዓመታቸው መተየብ ተምረው፣ እስካረፉበት ሳምንት ድረስ ከአራት ዓመት በላይ በየቅዳሜው ለልጃቸው ይጽፉ ነበር። ሁለት መቶ ዐሥራ አራት ደብዳቤ፣ ሁሉም «ለልጀ» ብሎ የሚጀምር። «ጄ» የምትባለውን ፊደል አንድም ቀን አግኝተዋት አያውቁም። አራሚዋ ልማድ ሆኖባት የመጀመሪያውን አርማ ብትልክላቸው፣ «እኔ የጻፍኩት ለልጀ ነው፣ አራሚዋን ማን ጠራት» ብለው መለሱላት። ከዚያ ወዲህ እጇን ሰበሰበች። ሌላ ቅጂ የላትም።

«የት ነበር ያስቀመጥሻቸው?»

«ፎልደር ውስጥ ነዋ።»

«ምን የሚል?»

«ይለፍ።»

ሽቦ አንገቱን ደፋ። አራሚዎች አንድ ገጽ እንዳለ ይታተም ሲሉ ጠርዙ ላይ «ይለፍ» ብለው ይጽፋሉ፤ እሷም የአባቷን ስሕተት ከነነፍሱ አሳልፋዋለች። ለሽቦ ግን ይለፍ ማለት የይለፍ ቃል ነው። ጠዋት ፎልደሮቹን ወደ አዲሱ ፕሮግራም ሲያሻግር ይህን አየና፣ ‘ይቺ ሴትዮ የይለፍ ቃሎቿን እዚህ ትደረድራለች እንዴ’ ብሎ፣ ሌባ እንዳያገኛቸው በገዛ እጁ ደመሰሰው።

ነገራት።

«እና?» አለች።

«እናማ የኔ እመቤት፣ አሁን ባልሽ ነኝ ብለሽ አስቢኝ እንጂ ባለሙያ ነኝ ብለሽ አታስቢኝ።»

«ሁለቱንም እያሰብኩ ነው። አንዱም አልጠቀመህም።»

ይህን ብላ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ሽቦ ግን እንደ ዓለት ቆመ። «አይዞሽ፣ እኔ እያለሁ» አላት። ዓርብ ዕለት ሁሉን ነገር የገለበጠበት መጠባበቂያ ዲስክ ቁም ሣጥን ውስጥ ነበር፤ አውጥቶ ሰካው። ሰርቨሩ አጓራ። አዲሱ ፕሮግራም አሮጌውን ዲስክ አላውቅህም አለው፤ ሽቦ ደግሞ ታውቀዋለህ አለ። ሰባት ሰዓት ሙሉ ተያያዙ። ላቡ ወለሉን አርሶ የጎረቤት ክፍል ሰዎች ጫማቸውን አወለቁ። በመጨረሻ ማሽኑ እጁን ሰጠ፤ ስክሪኑ ላይ ሁለት መቶ ዐሥራ አራት መስመር ተደረደረ። የላይኛውን ከፈተችው። «ለልጀ» ይላል። ራሷን ትከሻው ላይ ጣል አደረገች፤ ቅጥነቱ ቢቆረቁራትም አላነሣችውም።

በማግስቱ በሻይ ሰዓት ሽቦ ይህንኑ ቆሞ ለዐሥራ አንድ ሰው ተረከ። የማተሚያ ፊደል የሚለቅመው ሰውዬ አፉን ከፍቶ፣ «ሰባት ሰዓት? ምሳም አልበላህ?» አለው።

«ምሳ ማን አስታውሶ፣ ወንድሜ።»

ሚስቱ ጥግ ላይ ረቂቅ እያረመች ነበር። ቀና አላለችም።

«የማንም ኢሜይል አልቆመም፤ የጠፋው የእኔ ብቻ ነው» አለች ቀስ ብላ። «ዲስኩን ሰክቶ ለመመለስ ሃያ ደቂቃ ፈጀበት። ያለቀሰውም እሱ ነው።»