ባዶ እጇን ትሄዳለች

«ልጄ የጭነት መኪና አይደለችም!» አልኩ። ያልኩትም በሹክሹክታ አይደለም። ዓይናለም ምግብ ቤት ውስጥ፣ በምሳ ሰዓት፣ ከወደብ የተመለሱ ሾፌሮች ጠረጴዛውን ሁሉ ሞልተው እየበሉ ሳለ ነው። የሰው ሁሉ እጅ ከሳህኑ ላይ ቆመ። ጫላ ብቻ ሳቀ። ዕድሜውን ሙሉ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ የሰው ዕቃ ሲያመላልስ የኖረ ሾፌር ስለሆነ፣ ነገሩ ከሁሉም ቀድሞ የገባው ለእሱ ነው።

ልጄ ስርጉት ፈረንሳይ አገር፣ ናንት በሚባል ከተማ፣ የውሃ ምህንድስና ልትማር ነው። ወሬው እዚህ ጅቡቲ ያለውን ሰፈራችንን ካርቲየ 6ን ለማዳረስ ግማሽ ቀን አልፈጀበትም። በእኛ በኢትዮጵያውያኑ ዘንድ ደግሞ መንገደኛ ብቻውን አይሄድም፤ የሰፈሩን አደራ ሁሉ ተሸክሞ ነው የሚሄደው። ይቺን በርበሬ ለእህቴ፣ ይቺን ሽሮ ለአክስቴ ልጅ፣ ይቺን ነጠላ ለክርስትና ልጄ ይባላል። እምቢ ማለት የለም። እምቢ ያለ ሰው ነገ ሐዘን ቢደርስበት የሚያስተዛዝነው አያገኝም።

የጀመረችው ዓይናለም ናት። ለእሷ ፈረንሳይ ማለት ከካርቲየ 6 ቀጥሎ ያለ ሰፈር ነው። «እህቴ ማርሴይ ናት፤ ስርጉት አንድ ቀን ብቅ ብላ ትሰጥልኛለች» አለችና አንድ ትልቅ ፌስታል ፊቴ አስቀመጠች። ከናንት ማርሴይ በባቡር ግማሽ ቀን እንደሚያስኬድ ልጄ ነግራኛለች። ይህን ለዓይናለም አላስረዳኋትም፤ ያናደደኝ ርቀቱ አይደለም።

«አይሆንም» አልኳት።

«ምኑ ነው የማይሆነው?»

«አደራው። የማንንም አደራ አትወስድም።» ከዚያ ነው ያንን የጭነት መኪናውን ነገር የተናገርኩት።

ዓይናለም ክፉ ሴት አይደለችም። የስርጉት አባት ደስታው በዲኪል መንገድ ላይ መኪናው ተገልብጦ ሲሞትብኝ፣ ምግብ ቤቷን ዘግታ አጠገቤ የተቀመጠች እሷ ናት። ለዚህም ነው ነገሩ ያመማት። ሳይመሽ «ደብሪቱ ጠገበች» የሚል ወሬ ከቤት ቤት ዞረ። አዎ፣ ጠግቤያለሁ! ሌላው ሲጠግብ ያምርበታል፣ እኔ ስጠግብ ነው ጉድ የሚባለው? ልጅ አሳድጌ፣ አስተምሬ፣ በራሷ ጭንቅላት ተፈትና አልፋ ልትሄድ ነው። በዚህ ካልጠገብኩ በምን ልጠግብ ነው?

ስርጉት ግን ጨነቃት። «እማዬ፣ ምን አለበት? ትንሽ ሽሮ አይገድለኝም» አለችኝ።

«ከሽሮው ጋር የሚመጣውን አታውቂውም» አልኳት።

እኔ አውቀዋለሁ። ከኮምቦልቻ ጅቡቲ የመጣሁት ከእሷ ትንሽ ከፍ ያልኩ ልጅ ሆኜ ነው። እናቴ «ወንድምሽን አስተምሪልኝ፣ አደራ» አለችኝ። አጎቴ የቤታቸውን ጣሪያ አደራ አሉኝ። ጎረቤታችን እትዬ አልጋነሽ ደግሞ አንድ ጣሳ ቅቤ ሰጡኝ። ልጃቸው ይርዳው እዚህ ወደብ ላይ ጫኝና አውራጅ ነበር። «ቅቤ ይወዳል፤ በእጁ ስጪልኝ» አሉኝ።

እዚህ ሙቀት ውስጥ ቅቤ! ገና ከመኪናው ሳልወርድ ቀልጦ ልብሴ ላይ ፈሰሰ። የተረፈውን ክዳኑን በጨርቅ ጠፍሬ አስቀመጥኩት። ሆዳን በሚባል ሰፈር፣ ማዳም ውዳድ ቤት፣ አዳሪ ሠራተኛ ሆኜ ተቀጠርኩ። ሌሎቹ ሠራተኛ ልጆች ዓርብ ዓርብ ዕረፍት ሲወጡ ባሕር ዳር ሄደው ንፋስ ይቀበላሉ። እኔ ጣሳዬን ይዤ ይርዳው የሚባል ልጅ ታውቃላችሁ እያልኩ በየካርቲየው እዞራለሁ። በመጨረሻ አንድ የወደብ ሠራተኛ እውነቱን ነገረኝ። ይርዳው ከኦቦክ በጀልባ ወደ የመን ከተሻገረ ቆይቷል። ከዚያ ወዲህ ያየው ሰው የለም።

ከማዳም ቤት ስልክ ደወልኩ። ለእትዬ አልጋነሽ ሳልደብቅ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሰሙኝ፣ ሰሙኝና «ቅቤውንስ በላው?» አሉኝ።

ስልኩን ዘግቼ ወጥ ቤት ገባሁና አለቀስኩ። ማዳም መጣችና «ድምፅሽን ቀንሺ፣ አንቺ ደብሪቱ፣ እንግዶች አሉ» አለችኝ። ውሸቷን አልነበረም፤ ሳሎን ሙሉ እንግዳ ነበር። ቧንቧውን ከፈትኩና ድምፄን ውሃው ውስጥ ደብቄ አለቀስኩ። በሰው ቤት የሚለቀሰው እንደዚያ ነው።

ዛሬ ወንድሜ ተምሮ ልጆች ወልዷል። የአጎቴም ቤት አዲስ ቆርቆሮ ለብሷል። ያቺ ጣሳ ግን እስካሁን እላዬ ላይ ናት፤ ማን ያውርድልኝ? ስለዚህ ሰፈሩ ሁሉ ቢያኮርፈኝ ጆሮ ዳባ ልበስ ብያለሁ። ልጄ ባዶ እጇን ትሄዳለች።

አንድ ነገር ግን ከስርጉት ደብቄ ነበር። እሷን ሳረግዝ ከማዳም ቤት ወጥቼ ካርቲየ 6 አንዲት ክፍል ተከራየሁ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ሄጄ ማታ የምመለስ ተመላላሽ ሆንኩ። ማዳም ይህን አንድም ቀን ወዳው አታውቅም፤ የእጄ ምግብ ስለሚጥማት ብቻ ነው የቻለችኝ። ስርጉት እንደምትሄድ ስትሰማ ፊቷ በራ። «ኸላስ፣ በቃ! አሁን ብቻሽን ነሽ። ያቺን ክፍል ልቀቂና እዚሁ ግቢ። ማቀዝቀዣ ክሊም አስገጥምልሻለሁ፤ በብርድ ትተኛለሽ» አለችኝ።

እሺ አልኳት። ለልጄ ሲሆን ምግብ ቤት መሐል የምጮኸው ሴትዮ፣ ለራሴ ሲሆን አንገቴን ደፍቼ እሺ አልኩ። ለአንድ ሰው ክፍል ምን ያደርጋል ብዬ ነው። የነገርኩት ለጓደኛዬ ለትርንጎ ብቻ ነበር።

ስርጉት ልትሄድ አንድ ቀን ሲቀራት ሴቶቹ ተያይዘው መጡ። ጫቱ ገብቶ ከተማው ሁሉ በየጥላው የተከተተበት፣ መንገዱ ጭር ያለበት ሰዓት ነው። ሁሉም ፌስታል ይዘዋል። ዓይንሽን በጨው ታጠቢ ብዬ ራሴን አበረታሁና በሩ ላይ ቆምኩ። ስርጉት ከኋላዬ ልብሷን እያጣጠፈች ነበር።

«የመጣችሁት ልትመርቋት ከሆነ ግቡ፤ ልትጭኗት ከሆነ ግን ይህ ወደብ አይደለም» አልኳቸው።

ዓይናለም ፊቷን አጠቆረች። ትርንጎ ወደ ፊት መጣች። ጋቦዴ ሰፈር ሰው ቤት የምትሠራ፣ ያለችኝ አንዲት ልብ ጓደኛዬ ናት። የያዘቻት ፌስታል ከሁሉም ታንሳለች። «ደብሪቱ፣ የእኔ ወንድም እኮ እዚያው ናንት ነው። እዚያው ከተማ! መጥቶ ይቀበላታል» አለችኝ።

እዚህ ላይ ትንሽ ወላወልኩ። ሽሮዋን የፈጨችበትን ቀን እንኳ አውቀዋለሁ፤ አብሬያት ነበርኩ። ግን የእሷን ተቀብዬ የዓይናለምን ልመልስ ነው? ደግሞ ከሽሮው በኋላ ወንድሜ እንዴት ነው፣ ከስቷል ወይ፣ ለምን አይደውልም ይመጣል። ልጄ የሰው ወንድም ስትጠብቅ ልትኖር ነው።

«አይሆንም» አልኳት።

«የእኔንም?»

«ያንቺንም።»

ትርንጎ ዓይኗ እንባ ሞላ። ዞራ ሁለት እርምጃ ከሄደች በኋላ ተመለሰችና «ምን ቸገረሽ! አንቺ ማዳምሽ ጓዳ ልትገቢ ነው፣ ከእንግዲህ ከእኛ ጋር አትኖሪ!» ብላ ጮኸችብኝ። ሁሉም ትተውኝ ሄዱ።

ከኋላዬ የልብስ ኮሽታው ቆመ። «እማዬ፣ እውነት ነው?» አለች ስርጉት።

«ለአንድ ሰው ክፍል ምን ያደርጋል?»

ሻንጣዋን ዘጋችና ጀርባዋን ሰጥታኝ ተቀመጠች። ተቆጥታ ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ በታክሲ አምቡሊ አውሮፕላን ማረፊያ ሄድን። ላላለቅስ ምዬ ነው ከቤት የወጣሁት። እናት በሽኝት ላይ ካላለቀሰች ድንጋይ ናት ይባላል፤ ይበሉኝ። ያለቀሰች እናት ምስል አብሯት እንዲሳፈር አልፈልግም። እሱም ጭነት ነው።

መግቢያው ጋ እንደ ቆምን አንድ ሚኒባስ መጥቶ ቆመ። መጀመሪያ ዓይናለም ወረደች፤ ከዚያ ትርንጎ፤ ከዚያ የቀሩት። ተደርድረው ቆሙና እጃቸውን ሁሉም ወደ ላይ አነሱ።

«ፈትሺን!» አለችኝ ዓይናለም። «ባዶ እጃችንን ነው የመጣነው። ተቀይመንሻል፣ ገና እንቀየምሻለን። ልጅቷን መሸኘት ግን ያንቺን ፈቃድ አይጠይቅም!»

ሳቄ አመለጠኝ። በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ እንኳ ሳቀ። ስርጉትን እየተቀባበሉ ሳሟት፣ መረቋት፣ ትርንጎ አንገቷ ሥር ገብታ አለቀሰች። እሷ ማልቀስ ትችላለች፤ ልጇ አይደለችም።

በመጨረሻ ስርጉት ወደ እኔ መጣች። «የሰው አደራ ይቅር፣ እማዬ» አለችኝ። «ያንቺን ስጪኝ።»

«እኔ አደራ የለኝም።»

«ደውዪ አትይኝም? ቶሎ ነይ አትይኝም? አትርሺኝ አትይኝም?»

ሦስቱም አፌ ውስጥ ነበሩ። አትርሺኝ የምትለዋማ ጥርሴ ላይ ደርሳ ነበር። አንድ በአንድ ዋጥኳቸው።

«አልልሽም» አልኳት። «ስትፈልጊ ደውዪ፣ ካልፈለግሽ አትደውዪ። መርሳትም ቢያምርሽ እርሺኝ። እኔ ጣሳ አላሸክምሽም።»

የጣሳዋን ታሪክ ከልጅነቷ ጀምራ ታውቀዋለች። አንገቷን ነቅነቅ አደረገችና እጇን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። የክፍላችንን ቁልፍ፣ የራሷን፣ ያንን በአረንጓዴ ክር ያሰረችውን አወጣችና መዳፌ ላይ አድርጋ ጣቶቼን አጠፈቻቸው።

«እንግዲያው እኔ ልስጥሽ» አለች። «ክፍላችንን አትልቀቂ። ማዳም ጓዳ አትገቢ። የምመለሰው ወደ እዚያ ነው። አደራ።»

«ስርጉት፣ አንቺ ልጅ...»

«አደራ ብያለሁ፣ እማዬ። እምቢ ማለት የለም።»

ሳመችኝና ሻንጣዋን እየጎተተች ገባች። ሻንጣዋ ቀላል ስለነበር በአንድ እጇ ነበር የምትጎትተው። ቆሜ አየኋት። ሌላው እጇ ባዶ ስለነበር እስክትሰወር ድረስ ሲውለበለብ ይታየኝ ነበር።

ከዚያ በቀጥታ ሆዳን ሄድኩ። ሥራ ሥራ ነው፤ የማዳምን እራት ሠርቼ ጨረስኩ። ማዳም እጄን ይዛ ወደ ጓዳ ወሰደችኝ። አዲስ ፍራሽ አስገብታለች። ክሊሙም ተገጥሞ እየሠራ ነው። አልዋሽም፣ ብርዱ ደስ ይላል። ላቤ ጀርባዬ ላይ ደረቀ። ለአፍታ ያህል ዓይኔን ጨፍኜ ቆምኩበት።

«ከዛሬ ጀምሪ» አለች ማዳም። «ዕቃሽን ሰው ልኬ አስመጣልሻለሁ።»

«አልገባም፣ ማዳም» አልኳት።

«ለምን? እሺ ብለሽኝ አልነበረም?»

«ብዬ ነበር። አሁን አማና አለብኝ።»

አደራን በራሷ ቋንቋ ነው የነገርኳት። ለሙስሊም ሴት አማና ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። ደሞዝ ብላት ትከራከረኝ ነበር፤ አሞኛል ብላት ሐኪም ትጠራ ነበር። በአማና ላይ ግን ክርክር የለም።

«የማን አማና ነው?» አለችኝ።

«የልጄ።»

ክሊሙን አየችው፣ ፍራሹን አየችው፣ እኔን አየችኝ። «ስትወጪ በሩን ዝጊው፣ ብርዱ ይወጣል» አለችኝና ሄደች።

ካርቲየ 6 ስደርስ የመግሪብ አዛን እየተሰማ ነበር። ዓይናለም ከምግብ ቤቷ ደጃፍ አየችኝና ፊቷን አዞረች፤ እንቀየምሻለን ብላ የለ፣ ቃሏን አክባሪ ናት። የራሴ ቁልፍ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ በሩን ግን በልጄ ቁልፍ ከፈትኩት። ክፍሉ የቀኑን ሙቀት እንደያዘ ነው። አልጋዋን አንጥፋ ነው የሄደችው። ጫፉ ላይ ተቀመጥኩና አለቀስኩ። ድምፄን አልቀነስኩም። ቧንቧም አልከፈትኩም። ከፈለገ ካርቲየ 6 በሙሉ ይስማኝ፤ ቤቴ ነው።