የቋጥኝ ድምፅ

ደራሲዋ ሥራዋን አሳምራ ታውቀው ነበር። አምስት ጀግኖች ያሉበትን የካርቱን ተከታታይ ስድስት ዓመት ስለጻፈችው፣ እንዲህ ያለ ታሪክ የሚሄድበትን መንገድ ዓይኗን ጨፍናም አትስተውም። አምስት ሰው ያስፈልጋል፤ መሪ፣ ጉልበተኛ፣ ብልህ፣ አኩራፊ፣ አንዲት ደግሞ ጩጬ። በስድስተኛው ደቂቃ ጠላት ብቅ ይላል። መጀመሪያ የሚደበደበው ጉልበተኛው ነው፤ እሱ ከወደቀ ሌሎቹን ምን ይውጣቸዋል ብለው ልጆቹ እንዲጨነቁ። በአሥራ ሁለተኛው ደቂቃ አምስቱ እርስ በርሳቸው ይጣላሉ፣ አኩራፊውም ጥሏቸው ይሄዳል። ሁሉም ነገር አበቃለት ሲባል ጩጬዋ ትጮኻለች፣ የወደቀው ይነሣል፣ ያኮረፈው ይመለሳል። ከዚያ አንዱ ቀልድ ጣል ያደርጋል፣ ይሳቃል፣ ያልቃል። ማንም አይሞትም። ገደል የገባ እንኳ ሬሳው አይታይም፤ ሬሳው ያልታየ ደግሞ በሚቀጥለው ወር አቧራውን አራግፎ ይመጣል።

ጉልበተኛው ቋጥኝ ይባላል። ድምፁን የሚሰጠው የደራሲዋ ታላቅ ወንድም ነበር። እሷ ጋሼ ትለዋለች፣ እሱ እታለም ይላታል። በአሥራ አንድ ዓመት ይበልጣታል፤ አባታቸው ከሞተ በኋላ ትምህርቷን ያስጨረሳት እሱ ነው። ሁለቱም ሳያገቡ ቀርተው አንድ ቤት ይኖራሉ። ጋሼ ሃያ ዓመት ሙሉ የመድረክ ተዋናይ ሆኖ፣ አንድ ቀን እንኳ ዋና ገጸ ባሕርይ ሆኖ አያውቅም። በር ጠባቂ፣ መልእክተኛ፣ በመጀመሪያው ትዕይንት ተወግቶ የሚወድቅ ወታደር ነበር። «ከእኔ የበለጠ የሞተ ተዋናይ የለም፤ እንደ እኔ ቶሎ የተረሳ ሬሳም የለም» እያለ በራሱ ይቀልድ ነበር። ቋጥኝን ያገኘው ጸጉሩ ከሸበተ በኋላ ነው።

በአምስተኛው ዓመት ማብቂያ ላይ ድምፁ መሻከር ጀመረ። መጀመሪያ ጉንፋን መሰላቸው። ጉንፋኑ ቢያልፍም ሻካራው አላለፈም፤ ከጉሮሮው ሥር ድንጋይ በድንጋይ ላይ የሚፋተግ ይመስል ነበር። የድምፅ ባለሙያው ማዳመጫውን ከጆሮው አውርዶ፣ ቋጥኝ ማለት ይሄ ነው፣ እስከዛሬ የት ደብቀኸው ነበር አለው። ያ ክፍል ከተላለፈ በኋላ ልጆች በትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ጉሮሯቸውን እየሞረዱ ይጠራሩ ጀመር። ጋሼ ዳቦ ሊገዛ ሲወጣ ከኋላው «ቋጥኝ!» የሚል ጩኸት ይከተለዋል። ወደ ቤት ሲገባ ፊቱ ላይ የሚታየውን ደስታ እህቱ ከልጅነቷ ጀምሮ አይታው አታውቅም።

ብረት መቀጥቀጥ እንደ ጋለ ነው ብላ፣ ደራሲዋ ጩኸት ጨመረችለት። ዱሮ በአንድ ክፍል አንዴ የሚጮኸው ቋጥኝ አሁን ሦስቴ አራቴ ያገሳ ጀመር። አንድ ከሰዓት በኋላ «አልወድቅም!» የምትለዋን ቃል አሥራ አንድ ጊዜ አስደገሙት። ጋሼ ከድምፅ ክፍሉ ወጥቶ ውኃ ሲጠጣ፣ በጉንጩ ይዞት ቆይቶ ነው የዋጠው፤ አንገቱን በእጁ ደግፎ። እሷ አየችው። ደህና ነህ ወይ አለችው። ደህና ነኝ አላት። መስማት የፈለገችው ይህንኑ ስለነበር አመነችው።

ሐኪም ዘንድ የሄዱት አንድ ጠዋት ቁርስ ላይ ታንቆ፣ እህቱ በመሐረቡ ላይ ደም ካየች በኋላ ነው። ሐኪሟ ቀጠን ያለች፣ ነገር የማታበዛ ሴት ነበረች። ጫፉ መብራት ያለበት ቀጭን ቱቦ በአፍንጫው አስገብታ፣ ስክሪኑን ረዘም ላለ ጊዜ አየችው። ድምፁ ከሻከረ ምን ያህል ጊዜ እንደሆነ ጠየቀች። ጋሼ ሁለት ወር ቢሆነው ነው አለ። ደራሲዋ የእያንዳንዱ ቀረጻ ቀን በመዝገብ የተጻፈ ስለሆነ ልኩን ታውቀዋለች።

«ሰባት ወር ከአሥር ቀን» አለች።

ሐኪሟ መጻፏን ትታ ቀና ብላ አየቻት። ከሦስት ሳምንት በላይ የሻከረ ድምፅ መታየት እንደነበረበት ተናገረች፤ ቁጣ የለበትም፣ ወቀሳ የለበትም። ቢኖርበት ኖሮ ለደራሲዋ ይሻላት ነበር። የካንሰር ዕጢ ማንቁርቱን ይዞታል፤ ማንቁርቱ ተቆርጦ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ የሚተነፍሰው አንገቱ ላይ በሚከፈት ቀዳዳ ነው፤ ድምፅ የሚባል ነገር አይኖረውም። ቀዶ ሕክምናው ከዘጠኝ ቀን በኋላ ተያዘ። እስከዚያ ዝግ ብሎ መናገር ይችላል፣ መጮህ ግን ክልክል ነው።

የካርቱኑ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ ሲሰማ ከልቡ አዘነ። ካዘነ በኋላ፣ ያልተቀረጹ ስድስት ክፍሎች እንዳሉ አስታወሳት፤ ከቀኑ በፊት የተቻለውን ያህል ድምፅ ቢቀዳስ አለ። እሷ ግን በዚያው ሰዓት ልቧ ቆርጦ ነበር። ቋጥኝ ይሞታል። ገደልና ጉም የለም፤ ሬሳው ይታያል። ሁለት ቀን ተቀምጣ ጻፈችው። ድልድይ ይፈርሳል፤ ቋጥኝ ሰዉ እስኪያልፍ ድረስ በትከሻው ይሸከመዋል፤ ጩጬዋ ስሙን ትጠራለች፤ አይነሣም። ጩኸት የሚባል አልጻፈችለትም። ቃሉ ሁሉ ዝግ ብሎ የሚነገር ነው።

ጋሼ ወጥ ቤት ተቀምጦ፣ መነጽሩን አድርጎ አነበበው። ጨርሶ እንደገና ከመጀመሪያው አነበበው።

«ብዙ ሞት ሞቻለሁ» አላት በዚያ በሻካራ ድምፁ። «ሰው የሚያለቅስበት ሞት ሲጻፍልኝ ግን ይሄ የመጀመሪያው ነው፣ እታለም። አደራ እንዳይቆርጡት።»

አይቆርጡትም አለችው።

ከቀዶ ሕክምናው ሦስት ቀን ቀደም ብሎ ተቀረጸ። ማይክሮፎኑን ወደ አፉ አስጠጉለትና፣ «እጄን ልቀቂ ጩጬ። ድልድዩን ይዤዋለሁ። ሂዱ» አለ። በቃ፣ ይኸው ነው። ለጩጬዋ ድምፅ የምትሰጠው ተዋናይት የሦስት ልጆች እናት ናት፤ ስሙን ልትጠራ አፏን ስትከፍት ለቅሶ ቀደማት፣ ሥራውም እንባዋን እስክትጠርግ ቆመ። ከመስታወቱ ማዶ የድምፅ ባለሙያው አንገቱን ደፍቶ ነበር። ጋሼ ብቻ እንደ ጥሩ ሠራተኛ፣ አንድ ጊዜ ልድገመው ወይ ብሎ ጠየቀ።

ቀዶ ሕክምናው ተሳካ ተባለ። ጋሼ አንገቱ ላይ ስስ ጨርቅ አስሮ ወደ ቤቱ ተመለሰ፤ አነስ ያለች ነጭ ሰሌዳ ደረቱ ላይ አንጠልጥሎ እየጻፈባት ይነጋገራል። ሲስቅ ከቀዳዳው አየር ሹልክ ይላል እንጂ ሳቁ አይሰማም።

ሥዕሉ አልቆ ክፍሉ ሲቀርብለት፣ ሥራ አስኪያጁ ደራሲዋን ቢሮው ጠራት። ክፉ ሰው አይደለም። ከወንበሩ ተነሥቶ መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ።

«የሚያዩት የስድስት ዓመት ልጆች ናቸው» አላት። «ጀግና እንደማይሞት ያስተማርሽን አንቺው ራስሽ አይደለሽም? እንዴት አድርጌ ላሳልፈው?»

ድምፅ አስመስሎ የሚያወጣ አንድ ወጣት ተዋናይ ተገኝቷል፤ ዓይን ጨፍኖ ለሰማው ከጋሼ አይለይም። ድልድዩ ይውደቅ፣ አቧራው ይነሣ፣ ጩጬዋም ትጥራው። ከዚያ ከፍርስራሹ ሥር እጁ ይንቀሳቀስና ቋጥኝ ተነሥቶ «አልወድቅም!» ይበል። ይህን የምትጽፈው እሷ ብትሆን ይመርጣል፤ እምቢ ካለችም ሌላ ሰው ይጽፈዋል።

ደራሲዋ ያን ቀን ጠረጴዛዋ ላይ እጇን አጣምራ ዋለች። ከሌላ ሰው እኔ ብጽፈው ይሻላል ብላ ራሷን አሳመነች፤ ሰው ራሱን ሲያሳምን ሁልጊዜ ምክንያት አያጣም። ሠራተኞቹ ወደየቤታቸው ሊወጡ ሲሉ እስክሪብቶዋን ብድግ አድርጋ ጻፈችው። አርባ ደቂቃ አልፈጀባትም፤ መንገዱን ዓይኗን ጨፍና ታውቀዋለችና።

ለጋሼ ሳትሸፋፍን ነገረችው። ሰሌዳዋን አንሥቶ «ማነው?» ብሎ ጻፈ። ወጣት ነው አለችው። «ጎበዝ ነው?» ብሎ ጻፈ። ጎበዝ ነው አለችው። ጽሑፉን በእጅጌው አጠፋና ሰሌዳዋን በፊቷ ደፋት። እስከ ማግስቱ አላነሣትም።

ክፍሉ ቅዳሜ ጠዋት ሲተላለፍ ሁለቱም ሶፋው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው አዩት። ድልድዩ ተንቀጠቀጠ፣ የጋሼ ድምፅ እነዚያን ጥቂት ቃላት ተናገረ፣ አቧራው ሁሉን ሸፈነ። ከአቧራው ውስጥ የወጣው የሌላ ሰው ድምፅ ነበር። በርግጥም አስመስሎታል፤ ሻካራነቱን ሳይቀር። የዚያ ሻካራነት ምንጭ ምን እንደሆነ ግን አያውቅም። ጋሼ እጁን በአንገቱ ጨርቅ ላይ አድርጎ እስከ ቀልዱ፣ እስከ ሳቁ፣ እስከ መጨረሻው ድረስ አየ። የጎረቤት ልጆች በደስታ ሲጮኹ በመስኮት ይሰማ ነበር።

ቴሌቪዥኑን አጠፋችውና ወለሉን እያየች ተናገረች።

«ጋሼ፣ ድምፅህ ጤና እንዳጣ ሰምቼው ነበር። ገና ከመጀመሪያው ሰምቼዋለሁ። ስላማረኝ ነው ዝም ያልኩት። ዝም ማለቴ ሳያንስ ጩኸት ጨመርኩበት።»

ጋሼ ብዙ ጊዜ ወስዶ ጻፈ። ሰሌዳዋ አልበቃው ብላ ፊደሉ ወደ ጠርዙ እያነሰ ሄደ። «እኔም አውቅ ነበር። ደሙን አንቺ ከማየትሽ አራት ወር ቀድሜ አይቼዋለሁ፤ መሐረቡን እያጠብኩ እደብቅሽ ነበር። ሐኪም ዘንድ ብሄድ ዝም በል ይለኛል ብዬ ፈራሁ። በሕይወቴ ሰው ዞሮ ያየኝ ያኔ ብቻ ነው። ይቅርታ ከተባለ ሁለታችንም እንባባል።»

አነበበችው። ይቀለኛል ብላ ነበር፤ አልቀለላትም። ሁለቱም እያወቁ፣ አንድ ማዕድ እየበሉ፣ ሰባት ወር ሙሉ አንዳቸው ከሌላው ሲደበቁ መክረማቸውን ማወቅ ሌላ ሸክም ሆኖ ተጨመረባት። ግንባሩን ስማው ወደ ወጥ ቤት ሄደች፤ ምድጃው ላይ ምንም ሳትጥድ ቆመች።

በሳምንቱ ወጣቱ ተዋናይ ብርቱካን ይዞ መጣ። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ የእርስዎን እንጀራ የነጠቅኩ እንዳይመስልዎ፣ ይፍቀዱልኝ ብሎ ለመነ። ጋሼ ጩህ ብሎ በእጁ ምልክት ሰጠው። ወጣቱ እያፈረ ጮኸ። ጋሼ ራሱን ነቀነቀና ጣቱን በወጣቱ ጉሮሮ ላይ አድርጎ፣ ከዚህ አይደለም እንደማለት ገፋው። ከዚያ መዳፉን ሆዱ ላይ አስቀምጦ፣ ራሱ በአንገቱ ቀዳዳ አየር በረጅሙ ስቦ፣ ሆዱ እንዴት እንደሚነፋ አሳየው። ወጣቱ አራት ሐሙስ ተመላለሰ። በአራተኛው ሐሙስ ጩኸቱ ግድግዳውን አልፎ እየተሰማ፣ ጉሮሮው ግን አልተገታተረም ነበር።

ለምን ትደክምለታለህ ብላ እህቱ ጠየቀችው። «ሰው ያለው ማንቁርት አንድ ነው» ብሎ ጻፈላት።

ሕመሙ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በስድስተኛው ወር ሳንባው ላይ ተገኘ። ሐኪሟ አሁንም ነገር አላበዛችም። ጋሼ ሆስፒታል ገብቶ አሥራ ሁለት ቀን ተኛ፤ በመጨረሻዎቹ ቀናት ሰሌዳዋ ስለከበደችው በዓይኑ ብቻ ይግባባ ነበር። ደራሲዋ በሥራ ዘመኗ ሰው በመጨረሻዋ ደቂቃ ደርሶ ሲያድን፣ ሲሰናበት፣ እጅ ሲይዝ ብዙ ጊዜ ጽፋለች። እሷ ግን አንድ ጠዋት በአራት ሰዓት ግድም ፔርሙስ ይዛ ሙቅ ውኃ ልትቀዳ ወርዳ ስትመለስ፣ ነርሷ አንሶላውን እስከ ግንባሩ ስባው አገኘቻት። አሁን ነው፣ አምስት ደቂቃ እንኳ አልሆነውም አለቻት። ፔርሙሱን መሬት አስቀምጣ አንሶላውን ገለጠችው። አፉ ገርበብ ብሎ ነበር፤ ዘጋችለት።

ከቀብሩ በኋላ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገብታ አንድ ነገር ብቻ ለመነችው፤ አሁን በሚተላለፈው ክፍል መጨረሻ ላይ የጋሼ ስምና መታሰቢያ የሚል ቃል ለብቻው እንዲወጣ። እሱም በልጆች ዝግጅት ላይ የሞት ነገር አይጻፍም አላት። ልጆቹ ቋጥኝ ሞተ ወይ ብለው ቢያለቅሱስ፤ ደግሞ ቋጥኝ በሚቀጥለው ክፍል አለ። ስሙ ግን ከሠራተኞቹ ስም ዝርዝር ጋር ያልፋል፤ ከድምፅ ባለሙያው በታች፣ ከቀለም ቀቢዎቹ በላይ። ያ ዝርዝር እንደ ጎርፍ የሚሮጥ ነው፤ ማንም አያነበውም።

ስሙ ትንሽ ቆም ይበል አለች። ሁለት ሰከንድ ጨመሩለት።

ፊልሙ ወደሚቀናበርበት ክፍል ገብታ ቆማ አየችው። ስሙ መጣ፣ ሁለት ሰከንድ ቆመ፣ አለፈ። በሩ ላይ ወጣቱ ተዋናይ የሚቀጥለውን ክፍል ጽሑፍ ይዞ ይጠብቃት ነበር። ቋጥኝ ገና በስድስተኛው ደቂቃ ይመታል፤ እዚያ ላይ ምን ያህል ልጩህ ብሎ ጠየቃት።

ጽሑፉን ከእጁ ተቀብላ አየችው። እስክሪብቶ አወጣችና ጩኸቱን ሰረዘችው፤ በምትኩ ምን እንደምትጽፍ ግን ወዲያው አልመጣላትም። ወጣቱ ሳያቋርጣት አጠገቧ ቆሞ ጠበቀ።