የሰሌዳው ቃል

ሀብተ ሚካኤል ደባርቅ ላይ በቅሎ አከራይቶ፣ ቱሪስት ይዞ እስከ አምባራስ የሚወጣ ሰው ነው። ነበር ማለት ይሻላል። እንግዶቹ የሚያገኙት በኢንተርኔት ገጹ ነበር፤ ገጹን ደግሞ ሌባ ከወሰደበት ሦስት ወር አለፈው። ሌባው በእሱ ስምና ፎቶ ቀብድ ይቀበላል፤ እንግዳው ደባርቅ ሲደርስ የሚሰደበው ግን ሀብተ ሚካኤል ነው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሆኖበታል።

ስለዚህ ሊድያ የምትባል ወጣት ታብሌት ይዛ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ስትመጣ፣ ገጹን ልታስመልስለት መሰለውና ወንበሩን በጋቢው ጫፍ ጠርጎ አስቀመጣት። እሷ የመጣችው ግን አምና ለእሱና ለሌሎች አነስተኛ ነጋዴዎች የተሰጠውን የሳይበር ደኅንነት ሥልጠና ልትገመግም ነው።

«የይለፍ ቃልዎን ቀይረዋል?»

«ቀይሬያለሁ ልጄ።»

«በሥልጠናው መሠረት?»

«መምህሩ ሰሌዳው ላይ የጻፈውን፣ አንዲት ነጥብ ሳላጎድል።»

ሊድያ በረጅሙ ተነፈሰች። «ያ እኮ ምሳሌ ነበር፣ ጋሼ።»

ሀብተ ሚካኤል በልጅነቱ ስድስት ዓመት ዜማ ቤት ተቀምጧል። እዚያ የመምህሩን ቃል የሚለውጥ ተማሪ ዱላ እንጂ ምርቃት አያገኝም። «ለማንም እንዳትናገሩ» ስለተባለም ለሚስቱ ለወርቄ እንኳ ትንፍሽ አላለም። ምሳሌ ነው ብሎ የነገረው ሰው አልነበረም። መጀመሪያ አፈረ፤ ከዚያ ተናደደ።

«እንግዲያው እሱን ጻፊው። ምሳሌ ነው ብሎ አልነገረንም በይ። ቀጥሎ ዳባት ላይ ሊያስተምሩ ነው አሉ፤ እነሱ እንኳ ይትረፉ።»

«መጻፊያ ቦታ የለውም፤ ምርጫ ብቻ ነው።» ታብሌቱን አዞረችለት። የችግሩ ምክንያት ይላል፦ ሥልጠና አለመውሰድ፣ ወይም የተጠቃሚው ስህተት።

«ሥልጠናውንማ ወስጃለሁ።»

ሁለተኛውን ነካችው። ቀና ብላ አላየችውም።

«ገጼስ?»

«እሱ የሌላ ክፍል ሥራ ነው።» ዕቃዋን መሰብሰብ ጀመረች። «ከምጠይቃቸው ሠላሳ ሰባት ሠልጣኞች የመጨረሻው እርስዎ ነዎት።»

«ሌሎቹም ቀይረዋል?»

«ሁሉም።»

«ከሰሌዳው?»

ቦርሳዋን ዘጋች። «ሁሉም፣ ጋሼ። የሁሉም ገጽ ተወስዷል። ሪፖርቱ ግን ሥልጠናው መቶ በመቶ ተግባራዊ ሆኗል ነው የሚለው።»

ከሄደች በኋላ ሀብተ ሚካኤል ሠላሳ ስድስቱን አንድ በአንድ አሰባቸው። ሌባው የአንዱን የይለፍ ቃል ሲያገኝ የሁሉንም አግኝቷል። እነሱ ግን በየገበያው እየተገናኙ፣ ያንኑ አንድ ቃል አንዱ ካንዱ ሲደብቁ ከርመዋል።