መስታወት የሚበላው

ደግሞም አያምም፣ ቢያምማ ይናገር ነበር፣ የነካችው ሌባ ጣቱ ጫፍ ላይ ናት፣ ጥፍሩ ሥር፣ ሞቅ ይላል እንጂ አያምም፣ ሙቀት ደግሞ ሕመም አይባልም፣ አሸብር ቀኝ እጁን ኪሱ ከቷል፣ በግራው መቁጠሪያውን ይዟል፣ አቤቱ ማረኝ፣ አቤቱ ማረኝ፣ ዓይኑ ግን ከጠረጴዛው አይነሳም፣ ከጠረጴዛው መሳቢያ፣ መሳቢያው ላይ ክንዱን ጥሎ ከተቀመጠው ከብሩክ። አስነሳልኝ ጌታዬ። ስልክ ይደወልለት። ሽንቱ ይምጣ።

መሳቢያው ውስጥ ቅባቱ አለ። የጥርስ ሳሙና የመሰለ፣ ካልሲየም ያለበት፣ ብሩክ እዚህ የገባ ሰሞን የኬሚካል መጋዘኑን ባለቤት ሐጂ ሀያቱን ለምኖ ከውጭ ያስመጣው፣ ያኔ አሸብር ስቆ ነበር፣ ለአሲድ ደግሞ ቅባት፣ የሕፃን ቂጥ ነው እንዴ፣ ሐጂም መጀመሪያ ላይ ሳቁ፣ ኋላ ብሩክ ሲያስረዳቸው ጸጥ ብለው ሰሙት፣ እስከ መጨረሻው ሰሙት፣ ሐጂ የሰው ወሬ እስከ መጨረሻው ሰምተው የሚያውቁ ሰው አይደሉም፣ አሸብር ጢሙ ጥቁር ሳለ ጀምሮ አብሯቸው አለ፣ ከጎጃም በረንዳ ጀርባ ይህ መጋዘን ገና ባዶ ቆርቆሮ ሳለ፣ በርሜሉን ያንከባለለው፣ ጀሪካኑን የተሸከመው፣ የትኛው የትምህርት ቤት ላብራቶሪ ምን እንደሚገዛ በቃሉ የያዘው እሱ፣ አንድ ቀን ግን እስከ መጨረሻው አልሰሙትም።

ብሩክ መጣ፣ የኮሌጅ ላብራቶሪ ውስጥ ሲሠራ የኖረ፣ ቀጭን፣ ሲናገር ድምፁን የማያነሳ። መጣና የመደርደሪያውን አቀማመጥ ገለበጠው፣ ናይትሪክ ከአልኮል ጋር አይቀመጥም ጋሼ፣ አሲድ ወደ ውሃ ነው እንጂ ውሃ ወደ አሲድ አይጨመርም፣ አፍንጫዎን አያስጠጉ ጋሼ፣ ጋሼ ጋሼ ጋሼ፣ አክብሮቱ ራሱ ያንገበግባል፣ ቢሰድበው ይሻል ነበር፣ የሰደበህን ትሰድበዋለህ፣ ያከበረህን ምን ታደርገዋለህ?

አሁን እንኳ ሞቅ ማለት ብቻ አይደለም። ይመታል። ልብ እንደሚመታ ጣቱ ጫፍ ላይ ትመታለች። የጾም ድካም ነው፣ ሁዳዴ ነው፣ ሰውነት ይደክማል።

ኢስሀቅ ነው ጥፋተኛው፣ ሰባተኛ ሰፈር መስታወት ላይ አበባ የሚያወጣው ኢስሀቅ፣ ጠዋት መጣ፣ መስታወት የሚበላውን አሲድ ፈልጎ፣ ስሙ ረጅም ነው፣ ሃይድሮ ምናምን፣ መስታወት ስለሚበላ ጠርሙስ አይችለውም፣ ነጭ ፕላስቲክ ውስጥ ነው የሚቀመጠው፣ ሲያዩት ውሃ ነው። አሹ ሰላም ነው፣ ብሩክ የለም እንዴ? ምነው እኔ አለሁ አይደል። አይ፣ እሱ ይቅዳልኝ ብዬ ነው፣ የሱ እጅ ንጹሕ ነው።

የሱ እጅ ንጹሕ ነው! የአሸብር እጅ ምን ሆነና፣ ይሄ እጅ አይደል ለኢስሀቅ አባት ሲቀዳ የኖረው፣ ብሩክ ጓሮ ቧንቧው ጋ ዕቃ ያጥባል፣ አልጠራውም ብሎ ፕላስቲኩን አወረደ፣ ወፍራሙ ጥቁር ጓንት ሚስማሩ ላይ ተሰቅሏል፣ የሁሉም ጓንት ነው፣ ግን ብሩክ ስላስገዛው ሰው ሁሉ የብሩክ ጓንት ይለዋል፣ የብሩክን ጓንት ደግሞ አሸብር አያጠልቅም፣ በባዶ እጁ ቀዳ፣ ኢስሀቅ ይስቃል፣ ውሃ አልገባበትም አይደል አሹ? ውሃ? እንካ ውሃ። ሲሚንቶው ላይ ጠብ አደረገለት። የመርካቶ ፈተና ነው፣ ሲሚንቶው ከፈላ ዕቃው እውነተኛ ነው፣ ካልፈላ ውሃ ነው፣ ገዢው በዓይኑ አይቶ ይሄዳል፣ ብሩክ ከልክሎታል ይሄንን፣ ለዚያ ነው ያደረገው። ለዚያ ብቻ። ፈላ፣ ኢስሀቅ ጭንቅላቱን ነቀነቀ፣ ከፕላስቲኩ አፍ ጠርዝ የወረደችው ጠብታ ጣቱ ላይ ነበረች፣ ጋዋኑ ላይ ጠረጋት።

ቧንቧው ቅርብ ነበር። ግን ቧንቧው ጋ ማን ነበር? ዞር በልልኝ፣ አሲድ ነካኝ፣ በባዶ እጄ ቀድቼ፣ ሲሚንቶ ላይ ጠብ አድርጌ። ይሄን ለብሩክ? ከራጉኤል ጠዋት ያመጣው ጠበል በሃይላንድ አለ፣ ከፈተውና ጣቱ ላይ ትንሽ ጠብ አደረገ፣ አማተበ፣ ምንም አልተሰማውም፣ እይ፣ አለ በልቡ፣ እይ ብሩክ፣ አንተ ቅባት አለህ፣ እኔ ደግሞ አምላክ አለኝ።

አጥንቱ ላይ ነው አሁን። እንደ ጥርስ ሕመም። ጣት ጥርስ አለው እንዴ?

ብሩክ ያኔ ለሐጂ ሲያስረዳቸው አሸብር በርሜል ሲያንከባልል ሰምቶታል፣ እንዳልሰማ ሆኖ ሰምቶታል፣ ሌላው አሲድ ሲነካ ያቃጥላል ሐጂ፣ ሰው ይጮኻል፣ ይታጠባል፣ ይተርፋል፣ ይሄ ግን ዝም ብሎ ይገባል፣ ቆዳው ላይ አይቆምም፣ አጥንት ይፈልጋል፣ የሰውነትን ካልሲየም ይጨርሳል፣ ሲበዛ ልብ ያቆማል፣ ሕመሙ የሚመጣው ገብቶ ካበቃ በኋላ ነው። ገብቶ ካበቃ በኋላ! አቤቱ ማረኝ፣ የስንት ሰዓት ነገር ነው፣ ፀሐይዋ ደጁ ላይ ዞራለች፣ ተነሥ እንጂ አንተ ልጅ፣ ሽንት የለህም እንዴ፣ ሰው አይደለህም?

በሩ ላይ ሠርኬ። ሚስቱ። ምሳ ዕቃውን ይዛ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል ማለት ነው፣ የሁዳዴን ጾም በዚህ ሰዓት ነው የሚፈታው፣ እንዴት ዋላችሁ፣ ብሩኬ ደኅና ነህ? ብሩኬ ትለዋለች። እሱን ከተጋቡ ጀምሮ አሸብር ነው፣ አሹ እንኳ ብላው አታውቅም። እግዚአብሔር ይመስገን እትዬ ሠርኬ፣ ኧረ ይግቡ፣ ምን ይዘው መጡ ዛሬ? ሽሮ ነው፣ ያው ሽሮ፣ ና ብላ። ጾመኛው ሰውዬ፣ አንተም ና እንጂ፣ ምን ይገትርሃል?

አልራበኝም። ምን አልክ? አልራበኝም አልኩሽ። በየትኛው እጁ ይብላ፣ ቀኝ እጁ ኪሱ ውስጥ በእሳት ላይ ነው፣ በግራ አይጎረስ፣ ሠርኬ ትስቃለች፣ እንግዲህ ዛሬ ባሌ በቁሙ ሰማይ ሊገባብኝ ነው፣ ትላለች፣ ትጠቀልላለች፣ ለብሩክ ነው የምትጠቀልለው፣ እንካ፣ ኧረ እትዬ እጄን ልታጠብ፣ እንካ ጉረስ፣ እጅህን ኋላ ትታጠባለህ፣ እንካ ልጄ።

ልጄ።

ከሠርኬ አፍ ይህች ቃል ስትወጣ አሸብር ሰምቶ አያውቅም፣ ለማን ትበላት፣ ቤታቸው ለሁለት ሰው ነው የተሠራው፣ ስለት ተስለው ነበር፣ ገዳም ለገዳም ዞረው ነበር፣ ኋላ ዝም ተባባሉ፣ አሁን ይሄው፣ አንድ ቀጭን ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ ቃሏን ከነሽሮው ጎረሳት፣ የመጋዘኑን ቁልፍ ወሰደ፣ የሐጂን ጆሮ ወሰደ፣ ይሄንንም ይውሰድ?

ብሩክ ተነሣ። እጁን ሊታጠብ። ወደ ጓሮ። መሳቢያው ጠባቂ የለውም። ሠርኬ ጀርባዋን ሰጥታ ክዳን ትፈልጋለች፣ አሸብር ግራ እጁን ሰደደ፣ ከፈተ፣ አገኛት፣ ቀዝቃዛ ናት፣ ቀላል ናት፣ በጥርሱ ክዳኗን ያዘ፣ ውሃው ጓሮ ውስጥ ይወርዳል፣ ይቆማል፣ የብሩክ ጫማ ይመጣል፣ ያየኛል፣ በጥርሴ የሱን ቅባት ይዤ ያየኛል።

መለሳት። ጌታ ሆይ፣ መለሳት። እጁ የገባችውን መድኃኒት መልሶ መሳቢያውን በጉልበቱ ገፍቶ ዘጋ።

አሁን ገና ፈራ። አሲዱን አይደለም። የነፍስ አባቱ ሲመክሩት ቅናት ሥጋ አይበላም ልጄ፣ አጥንት ነው የሚበላው ይሉት ነበር፣ የሽማግሌ ተረት ይመስለው ነበር፣ እና ጠበሉ፣ ጠበሉን ምን አደረገው፣ አምኖ ነው የተረጨው? አላመነም። ተደበቀበት። ብሩክን ላለመጥራት ቅዱስ ራጉኤልን ጠራ፣ መልአኩን የሰው መሸሻ አደረገው፣ ጣቱ ይፈርሳል፣ አጥንቱ ይፈርሳል፣ ሠርኬ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ትቀመጣለች፣ ምን ገደለው ሲሏት ምን ትላለች፣ ኩራት?

ብሩክ።

አቤት ጋሼ።

ነካኝ። እጁን ከኪሱ አወጣ፣ የጣቱ ጫፍ ነጥቷል፣ እንደ ሰም፣ ዙሪያው ቀልቷል፣ ሠርኬ ምንድነው ትላለች፣ ብሩክ ግን አወቀው፣ ፊቱ ብቻ ደም አጣ፣ መቼ? ጠዋት፣ ኢስሀቅ ሲመጣ። እኔ ቧንቧው ጋ ሆኜ? አሸብር መሬት ያያል። ብሩክ ክንዱን ይዞ እየጎተተ ቧንቧው ሥር ከተተው፣ ወደ ሐጂ ቢሮ ዞሮ፣ ሐጂ! መኪና ያስነሡ ሐጂ! ይሄ ድምፁን የማያነሳው ሰው ነው የሚጮኸው፣ ለአሸብር ነው የሚጮኸው።

መኪናው ውስጥ ናቸው፣ ሐጂ ራሳቸው ይነዳሉ፣ ጋሪ ገፊው፣ ተሸካሚው፣ ማዳበሪያ የጫነው ሁሉ ፊታቸው ይገተራል፣ ዞር በሉ እናንተ፣ ሰው ይዣለሁ፣ ሐጂ መስኮት ከፍተው ይለምናሉ፣ ሠርኬ ከፊት ሆና እመቤቴን ትጠራለች፣ ብሩክ ጓንት አጥልቆ ቅባቱን ጣቱ ላይ ያሻል፣ ያሻል፣ አያቆምም፣ ያልቅና ይጨምራል፣ ሐኪም ቤት እስክንደርስ ነው ጋሼ፣ እዚያ ደግሞ በመርፌ ይሰጡዎታል፣ ልብዎንም ያያሉ፣ አንድ ነገር ብቻ፣ ሕመሙን እንዳይደብቁኝ፣ መድኃኒቱ መሥራቱን የማውቀው እርስዎ ቀለለኝ ሲሉኝ ነው፣ ሌላ መለኪያ የለኝም፣ እውነቱን ይንገሩኝ።

እውነቱን። ለሱ። አሸብር ጭንቅላቱን መስኮቱ ላይ ጥሏል፣ የብሩክ ግንባር ላብ አውጥቷል፣ ላቡ የአሸብር እጅጌ ላይ ይንጠባጠባል፣ እናት እንኳ እንዲህ አታሽም፣ ያም ሆኖ ያቃጥለዋል፣ በዚህ ሁሉ መሀል፣ ማሸቱን እንኳ እንዴት አወቀበት እያለ ይቀናል፣ የማያልቅ ጉድ። ጣቱ ግን። ጣቱ ቀስ እያለ። ጥርሱ የተነቀለ ያህል፣ የሆነ ነገር ላላ፣ ገና አለ፣ ግን ላላ፣ ዝም ቢል ማንም አያውቅም፣ እዚያ እስኪደርሱ ዝም ቢል ለሐኪሙ ይነግረዋል፣ ለብሩክ ከሚሰጠው ለማያውቀው ሐኪም ይስጠው። ብሩክ ዓይን ዓይኑን ያየዋል።

ቀለለኝ።

እውነት ጋሼ?

ትንሽ። ግን ቀለለኝ።

ብሩክ ዓይኑን ጨፍኖ ተመስገን አለ፣ ጮክ ብሎ፣ አሸብር ሊላት አፉን ከፍቶ ሳለ፣ እሷንም ቀደመው፣ እንግዲህ ለአሸብር ምን ቀረው፣ አሜን ናት የቀረችው፣ አሜን ይላል፣ አንድ ጊዜ ከጥርሱ፣ ሁለተኛውን ጊዜ ግን ከሆዱ።