አጎቴ ቢተው በሜይንፍሬም ውስጥ

ሰኔ 2005 ላይ እናቴ ለምረቃዬ ጠላ ጠምቃ፣ የከተማችንን የአማኑኤልን ግማሽ ሰው ጠርታ ጨርሳ ነበር። እኔ ግን ገና አላለፍኩም። የመመረቂያ ሥራዬ ደብረ ማርቆስ ኮሌጃችን ውስጥ በመምህር እንዳላማው እጅ ነው፤ እሱ ደግሞ ቀልድ አያውቅም። በእውን የሆነን ነገር ኮምፒውተር ውስጥ አስመስዬ ልደግም ነው፤ ኮምፒውተሩ አስልቶ የሚሰጠው ማብቂያ ሰዓት ከእውነተኛው ከአሥር ደቂቃ በላይ ከራቀ ዓመቱን እደግማለሁ። በቃ።

ርዕስ በዕጣ ሲከፋፈል ለጓደኞቼ ድረ ገጽ ምናምን ደረሳቸው። ለእኔ ሲሙላ ደረሰኝ፤ እናቴን በዕድሜ የሚበልጥ የኮምፒውተር ቋንቋ! የተጻፈውም ሜይንፍሬም ለሚባል፣ ክፍል ለሚሞላ ኮምፒውተር ነው። ሜይንፍሬም ከየት ይምጣ? እንዳላማው ተራውን የላብራቶሪ ኮምፒውተር «አንተ ሜይንፍሬም ነህ» ብሎ የሚያሳምን ፕሮግራም ጫነበት። አመነ። አምኖም ኮራብኝ። በአንድ መስመር ከሰማንያ ፊደል በላይ አልቀበልም፣ ሥራሽን አስረክቢና ተራሽን ጠብቂ ይለኝ ጀመር። ከእኔ በቀር የሚነካው የለም እኮ!

ግን ወደድኩት። በሲሙላ ሰው ይፈጠራል። «እንግዳ» የሚል አንድ ንድፍ እጽፋለሁ፤ ምን እንደሚያውቅ፣ ምን እንደሚያደርግ እነግረዋለሁ። ከዚያ ንድፍ መቶ ሰማንያ እንግዳ ይወለዳል፤ እያንዳንዱ በራሱ ሰዓት መጥቶ እጁን ይታጠባል፣ ይቀመጣል፣ ይበላል፣ ይሄዳል። እኔም የወንድሜን ሠርግ ጻፍኩ። ጥር ላይ ለዚሁ ሥራ ብዬ ዳሱ በር ላይ ተቀምጬ ማን መቼ ገባ፣ መቼ ወጣ እያልኩ መዝግቤ ነበር፤ ሙሽራዋ እስከ ዛሬ ታኮርፈኛለች። ስልሳ መቀመጫ፣ ሦስት ዙር፤ የመጨረሻው እንግዳ የወጣው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ።

ኮምፒውተሩ ዘጠኝ ሰዓት አለ።

የሠርጉ አሳላፊ ለነበረው ለአጎቴ ለቢተው ደወልኩ። «ጋሼ፣ ሁለት ሰዓት ጠፋብኝ።»

«የት ጣልሽው?»

ነገሩን አስረዳሁት። «ማስቀመጡንስ ቆጥረሻል?» አለኝ። «አንድ ሽማግሌ ማስቀመጥ ቀላል መሰለሽ? ከፍ ይበሉ ስትያቸው፣ እዚሁ ይበቃኛል ነው። እሳቸው እያሉ እኔ? ነው።»

ወይ ጉድ! ለካ እንግዶቼ ባለጌዎች ነበሩ። ባዶ ወንበር ሲያዩ ዘው ብለው ይቀመጡ ነበር። ወዲያው ጨዋነት ጻፍኩላቸው፦ ከመቀመጥህ በፊት ታላቅህን ወይም እኩያህን ጋብዝ፤ ከተጋበዝክ እምቢ በልና መልሰህ ጋብዝ። አስረከብኩ። ኮምፒውተሩ አሰበ፣ አሰበና 322 የሚል ቁጥር ጥሎ ሥራዬን አቋረጠው፤ የተሰጠሽ ጊዜ አለቀ ማለት ነው። ዝርዝሩን ባየው ሁለት እኩያ ቄሶች አንድ ወንበር ፊት ቆመው አርባ ሺህ ጊዜ «እርስዎ ይቀመጡ» ተባብለዋል። ሠርገኛው ሁሉ ከኋላቸው ቆሟል። ብቻዬን እንባዬ እስኪወርድ ሳቅኩ።

እውነተኛው ሠርግስ እንዴት አለቀ? ቢተው ስለነበረ ነዋ! ቢተው ሦስተኛው «እርስዎ» ላይ ክንድ ይዞ ያስቀምጣል። ቢተውን በስሙ ጻፍኩት፤ አስረከብኩ፤ ተራዬን ጠበቅኩ።

አሥራ አንድ ሰዓት ከአራት ደቂቃ! ጠረጴዛውን ሳምኩት።

በፈተናው ቀን ሦስት ፈታኞች ተቀመጡ፦ እንዳላማው፣ የክፍሉ ኃላፊ አቶ አካለ ወልድ እና አንጋፋዋ መምህርት ወይዘሮ እየሩስ። ቢተው ራሱን ኮምፒውተር ውስጥ ሊያይ ጋቢውን ለብሶ ከአማኑኤል መጥቶ ከኋላ ተቀምጧል።

«ቁጥሩ ገጥሟል» አለ እንዳላማው። «ግን ሁለት ሰዓት ሙሉ እርስዎ ይቅደሙ ሲባባል የሚውል ሰው የት አለ? ቁጥሩ እንዲገጥምልሽ የፈጠርሽው ነው። እኔ አላሳልፍም።» ወደ ሌሎቹ ዞረ። «ውጭ ወጥተን እንነጋገርበት።»

የእናቴ ጋን ፊቴ ላይ ድቅን አለ። ሦስቱም ተነሥተው በሩ ጋ ደረሱ።

«ይቅደሙ፣ አቶ አካለ ወልድ» አለ እንዳላማው።

«ኧረ በፍጹም! ወይዘሮ እየሩስ እያሉ?»

«እኔማ አልቀድምም። ኃላፊያችን እርስዎ ነዎት።»

«በሞቴ ይለፉ!»

«ኧረ እርስዎ! እንዳላማው፣ በል አንተ እንኳ ውጣ።»

«እናንተን ቀድሜ? አላደርገውም!»

ሰዓቴን አየሁ። አንድ ደቂቃ። አንድ ደቂቃ ተኩል። ከኋላዬ ወንበር ተንቋቋ፤ ቢተው አልቻለም፣ ተነሣ። ጋቢውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ሄደና «ኧረ በማርያም፣ ሰው ቆሟል!» እያለ ወይዘሮ እየሩስን በክንዳቸው ይዞ አወጣቸው፤ አቶ አካለ ወልድን አስከተላቸው። እንዳላማውን ሲይዘው እንዳላማው በሩ ላይ ቀጥ ብሎ ቀረ። ክንዱን የያዘውን እጅ አየ፤ ከዚያ እኔን።

«ማነው ይሄ ሰውዬ?»

«ቢተው ነው» አልኩ።

መጀመሪያ ትከሻው ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ ያ ቀልድ የማያውቅ ሰውዬ በሩን ተደግፎ በሳቅ ፈረሰ። ከኮሪደሩም የሁለቱ ሳቅ ተከተለ። ቢተው ግን አሁንም አልለቀቀውም።

«አልፈሻል» አለኝ እንዳላማው እንባውን በነፃው እጁ እየጠረገ። «አሁን ልቀቀው በይልኝ።»